ያልተጫነ አይራገፍም

የሥራ ባልደረባውን ጣት ሆን ብሎ የቆረጠ ሰው ነው ተብዬ ከሥራ ተባረርኩ። ሐሰት ነው። ሌላውን ሁሉ ብረሳ ይኼ እንዳይረሳ ብዬ ከላይ አስቀደምኩት።

ሐሰት ነው ብሎ ከእኔ በፊት አፉን ሞልቶ የተናገረ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጋሽ ላሚሶ። እሳቸውም ነገሩ ሳያልቅ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ሰው ሁሉ "ደግ ሰው ነበሩ" ሲል ሰማሁ። ደግ አልነበሩም። ለደግነት የሚሆን ትዕግሥት አልነበራቸውም። ያዩትን የሚናገሩ ሰው ነበሩ፤ ይህ ደግሞ ሀዋሳ ውስጥ ከደግነት ይልቅ ይጠፋል።

እዚሁ ሀዋሳ አዲስ ከተማ ሰፈር ያደገ ሰው በስማቸው ባያውቃቸው እንኳ "ጧ" ሲባል ያውቃቸዋል። የስፖርት መምህር ነበሩ። በትምህርት ቤቶች ሩጫ የማስነሻ ሽጉጥ ስለሌለ፣ ሁለት የዋንዛ ጣውላ በማጠፊያ አያይዘው ያጋጩ ነበር። ድምፁ ጥይት ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ሩጫ ሲኖር የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው "ጧ!" ብለው ይሮጣሉ። እሳቸው ዞር ሳይሉ "ቀድመህ ወጥተሃል፣ ተመለስ" ይላሉ። የሚመለስ ልጅም ነበር።

ቀኝ ጆሯቸው ከጣውላው ጩኸት ብዛት ደክሟል። ስለዚህ የሚያናግራቸው ሰው በግራቸው ይቆማል። ነገሩ ካልጣማቸው ግን ቀስ ብለው ዞረው ቀኙን ይሰጡታል። ያን ጊዜ ሰውየው ቢፈልግ እስኪመሽ ያውራ።

ከእሳቸው ጋር ያገናኘኝ ያ የጣት ነገር ነው፤ እሱን መጀመሪያ ልናገር።

መናኸሪያው አካባቢ ባለ አንድ የብረታ ብረት ቤት ላሜራ መቁረጫ ማሽን ላይ እሠራ ነበር። ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዱ ላሜራውን ከቢላው ሥር ይገፋል፣ አንዱ በእግሩ ፔዳል ይረግጣል። የሚገፋው ታደለ ነበር፣ የምረግጠው እኔ። "ያዝ" ሲለኝ እግሬን ፔዳሉ ላይ አሳርፋለሁ። "ምታ" ሲለኝ እረግጣለሁ። ደንቡ እጅ ከወጣ በኋላ ነው "ያዝ" የሚባለው። ሥራ ሲበዛ ግን ባለቤቱ ከኋላችን ቆሞ "ምን ትጠብቃላችሁ?" ይላል። እኛም እጅ ገና ላሜራውን እያስተካከለ "ያዝ" ማለት ለመድን። ማንም ደንብ አድርጎ አላወጣውም፤ ግን የቤቱ ልማድ ሆነ።

ያን ቀን ታደለ እጁ ከቢላው ሥር እያለ "ያዝ" አለኝ። እግሬን አሳረፍኩ፤ "ምታ" እስኪለኝ አፍ አፉን አያለሁ። አጥራችንን ተጠግቶ ያለ ጎሚስታ የጭነት መኪና ጎማ ሲነፋ ጎማው ፈነዳ። ከዚያ በኋላ የማውቀው የታደለን ጩኸት ነው። "ምታ" አላለም። እግሬ ግን ረግጧል። ሁለት ጣቱ ሄደ።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ከታደለ ጋር ተጣልተን ነበር። ማሽኑ አጠገብ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ተለጥፎ ሁላችንም እንድናነበው ሲታዘዝ፣ ታደለ ወደ እኔ እያየ "ለእሱ ጽሑፉም ግድግዳውም አንድ ነው" አለ። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ማንበብ አልችልም ነበር፤ ሁሉም ያውቃል። እኔም ሁሉ እየሰማ "እንተያያለን" አልኩት። ይህችን ቃል ነው እንደ ሚስማር የመቱብኝ።

ፎርማኑ በስብሰባው ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። "ጎማው ሲፈነዳ ሁላችንም ሰምተናል። የእኛ እግር ለምን አልረገጠም?" ዝም አልኩ። ዝም ያለ ሰው ያመነ ነው ተባለ። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ቤቱ ከደሙ ነፃ ነው፤ ባለቤቱ ከዚያ በላይ መጠየቅ ለምን ያስፈልገዋል? የስንብት ደብዳቤዬን እንኳ ያነበበልኝ የዘበኛው ልጅ ነው።

ሌላ የብረት ቤት ስጠይቅ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። "አንተ ያ ጣት ቆራጭ አይደለህ?" ይሉኛል። እየሳቁ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ የሚከቱም ነበሩ። በመጨረሻ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርጄ ዓሣ መላጥ ጀመርኩ። እዚያ ስለ ጣትህ እንጂ ስለ ሰው ጣት የሚጠይቅህ የለም።

ከሁሉ የከፋው ግን ወሬው አልነበረም። ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። ታደለን ጠልቼዋለሁ፤ እውነት ነው። እግሬም የእኔ ነው። ዓሣ እየላጥኩ እግሬን አየዋለሁ። አንተ፣ አውቀህ ነው እንዴ? እለዋለሁ። በዚህ ሁኔታ ነበርኩ ጋሽ ላሚሶ የመጡት።

ዓሣ ሊገዙ ነው የመጡት፤ ጣውላው በብብታቸው ነው። ከልምምድ ሜዳ እየተመለሱ ነበር። ቆመው አዩኝ፣ አዩኝና፣ "ጣት የቆረጥከው አንተ ነህ?" አሉ።

"ማሽኑ ነው" አልኩ።

"ማሽን እግር የለውም።"

"እርስዎም እንደ እነሱ ነዎት?"

"እኔ ገና ምንም አላልኩም። ምን ሰማህ?"

ስንት ሰው ስንት ነገር ጠይቆኛል። ለምን ረገጥክ፣ ምን አድርጎህ ነው፣ አትጸጸትም ወይ። ምን ሰማህ ያለኝ የለም። ስለ ጎማው ነገርኳቸው። ግራ ጆሯቸውን ሰጥተው እስክጨርስ አዳመጡ። ከዚያ ስለ "ያዝ" እና ስለ "ምታ" ደጋግመው ጠየቁኝ። እጁ የት ነበር፣ እግርህ የት ነበር፣ ዓይንህ የት ነበር። መልሼላቸው ወደ ዓሣዬ ተመለስኩ፣ እሳቸው ከኋላዬ ዞሩ፣ ጧ!

ትከሻዬ ጆሮዬን ነካ። አንገቴ ተሸጎጠ። አጠገቤ የነበሩት ትላልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ሸሹ። ዓሣ አጥማጆቹ ሰደቡን።

"እግርህ ረገጠ?" አሉኝ።

"አልረገጠም። ያመዎታል እንዴ ጋሼ?"

"እሺ፣ አሁን ቁም። እግርህን እዚህ ድንጋይ ላይ አድርግ። ምላሴን ሳወጣ በኃይል ርገጥ።"

"ምላስዎን?"

"እጆቼ ጣውላ ይዘዋል፤ ሌላ ምን አለኝ?"

በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ሽበት፣ ገበያ መካከል ምላሳቸውን ያወጣሉ፤ እኔ እረግጣለሁ። ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ይስቃሉ። አወጡ፣ ረገጥኩ። አወጡ፣ ረገጥኩ። ሳቁን ረስቼ አፋቸውን አፋቸውን ማየት ያዝኩ። ልክ እንደ ታደለ አፍ። በዚያ መካከል ጧ! አለ፤ እግሬ ድንጋዩን መታው። ከወትሮው ይልቅ ፈጥኖ፣ ከወትሮው ይልቅ በርትቶ መታው።

"ምላሴ ወጥቷል?" አሉኝ።

አልወጣም ነበር። አፋቸው ግጥም ብሏል።

ቁጭ አልኩ። ስንት ጊዜ ስጠረጥረው የነበረ እግር አሁን ፊት ለፊት መለሰልኝ። እሳቸውም አጠገቤ ተቀምጠው እንዲህ አሉኝ፦ "ሐሳብ ሚኒባስ ነው፤ እስኪሞላ መናኸሪያ ይቆማል። ድንገተኛ ድምፅ ባጃጅ ነው፤ በውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። እግርህን 'ተዘጋጅ' ካልከው ድምፁ አንተን ሳይጠይቅ ይለቀዋል። ካላዘጋጀኸው ግን ያስደነግጠዋል እንጂ የትም አያደርሰውም። ያልተጫነ አይራገፍም። ያ ፎርማን የእሱ እግር ያልረገጠው ደግ ስለሆነ አይደለም፤ ስላልተጫነ ነው።"

ደስ አለኝ ልበል? አልተዉኝም። ወዲያው "ሰውየውን ጠልተኸዋል?" አሉኝ። ጠልቼዋለሁ አልኩ። "ለጥላቻህ እግዚአብሔርን ለምን። ለእግርህ እኔ አለሁ" አሉና ዓሣቸውን ይዘው ሄዱ።

ከዚያ ጀምሮ በየጊዜው ይመጡ ነበር። ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው። የተጻፈብህን ሳታነብ ምን ብለህ ትሟገታለህ አሉኝ። ቀበሌው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ጎልማሶችን ያስተምሩ ነበር፤ እየጎተቱ ወሰዱኝ። ጺሜ ሸብቷል፣ "ሀ"ን ከ"ሐ" መለየት አቃተኝ። ሰሌዳው ፊት ቆሜ ስንተባተብ ከኋላ አንዱ ሳቀ። እንደ ታደለ ሳቅ ሆነብኝና ልወጣ ተነሳሁ። ጋሽ ላሚሶ ለሳቀው ሰውዬ ቀኝ ጆሯቸውን ሰጡት፣ ለእኔ ግራውን። ለክፍሉም እንዲህ አሉ፦

"ይኼ ሰው ዘግይቶ አልተነሳም። ጣውላው ነው ዘግይቶ የተመታለት።"

ተቀመጥኩ። ዛሬ የምጽፈው በዚያች ቃል ነው።

አንድ ቀን የትምህርት ቤቶችን ሩጫ ሊያስነሱ ሲሄዱ ይዘውኝ ሄዱ። እዚያ ሌላም ነገር አየሁ። ለጣውላው ቅርብ የቆመ ልጅ ድምፁ ስለሚበረታበት ከሌሎቹ ቀድሞ ይወጣል። ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ደካማዋን ወይም ደካማውን አጠገባቸው ያቆማሉ። አንድ አሠልጣኝ ይህ አድልዎ ነው ብሎ ጮኸ። "ልክ ነህ፣ አድልዎ ነው" ብለው ቀኝ ጆሯቸውን ሰጡት።

በዚያው ቀን ልጆቹን "ተዘጋጅ" ብለዋቸው ልጆቹ አጎንብሰው ሳሉ፣ በመንገዱ የምታልፍ ባጃጅ ጭስ ማውጫዋ ተኮሰ። አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻዋን ወጥታ ሮጠች። ግማሽ ሜዳ ከደረሰች በኋላ ብቻዋን መሆኗን አየች፤ ቆማ ማልቀስ ጀመረች። ዳኞቹ ተሰብስበው ቀድማ ወጥታለችና ትባረር አሉ። ሌሎቹም እኮ ሰምተዋል፣ ለምን እሷ ብቻ? ያው የፎርማኑ ጥያቄ። ከሜዳው ዳር ሆኜ ደሜ ፈላ።

ጋሽ ላሚሶ ወደ ዋናው ዳኛ ሄዱ። "ከሁሉ ይበልጥ ዝግጁ የነበረችውን ነው የምታባርሩት። ተዘጋጂ ያልኳት እኔ ነኝ። እሷን ካባረርክ እኔንም አባር" አሉ። ዳኛው የሚሉት እውነት አልመሰለውም፤ ሁለቱንም አባረረ። ጣውላቸውን በብብታቸው አድርገው ልጅቷን አስከትለው ተመልካቹ መካከል ተቀመጡ። ዳኞቹ ሩጫውን በፉጨት አስነሱት። ዳር የቆሙት አልሰማንም ብለው ድጋሚ ተሮጠ። ጋሽ ላሚሶ ለልጅቷ ሸንኮራ ገዝተውላት አብረው እየበሉ አዩ። ከዚያ በኋላ ለሩጫ የጠራቸው የለም። ቅር አላቸው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ "ጣውላው የማን ነው?" አሉኝ። የእርስዎ አልኩ። "እንግዲህ" አሉ።

ስለ እኔ ጉዳይ የብረት ቤቱ ባለቤት ዘንድም ሄደዋል። ባለቤቱ ወንበር ሰጣቸው፣ ሻይ አዘዘላቸው፣ "መምህር፣ ይኼ እኮ የስፖርት ሜዳ አይደለም" አላቸው። "አውቃለሁ። በስፖርት ሜዳ እጅ ከቢላ ሥር እያለ ተዘጋጅ የሚል የለም" ብለው ሻዩን ሳይነኩ ወጡ። ዘበኛው ከዚያ ወዲያ አላስገባቸውም።

የቀረን ታደለ ነበር። እሱ ካላመነ ባለቤቱ ቢያምን ለእኔ ምን ይረባኛል? ከተማው የእሱን እጅ ነው የሚያየው። ሁለት ጊዜ ደጁ ሄድን፤ ሁለት ጊዜ በሩን ዘጋብን። በሁለተኛው ጊዜ እኔ በሩ ላይ ሆኜ "ይቅርታ አድርግልኝ" ልል ስል፣ ጋሽ ላሚሶ ክንዴን ያዙ።

"አትለማመጥ" አሉኝ በመንገድ ላይ። "ያላጠፋኸውን ይቅር በለኝ ካልክ አጥፍቻለሁ ማለትህ ነው። ይቅር በለኝ አትበለው። እየው በለው።"

ብዙም ሳይቆዩ ኩላሊታቸው ታመመ። ሐኪም ቤት ልጠይቃቸው ስሄድ ከመጣሁበት ጉዳይ በፊት አንብብልኝ ይሉኛል፤ የመድኃኒት ካርቶን ላይ በአማርኛ ያለውን ሁሉ አነብላቸዋለሁ። ስሳሳት በጣታቸው አልጋውን ጧ ያደርጋሉ። አንድ ቀን ጧ ሳያደርጉ ብዙ አነበብኩ። የተሻልኩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ናቸው የደከሙት።

ቀብሩ ላይ ታደለ መጣ። ለካ እሱም ተማሪያቸው ነበር። እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ሰልፉ ውስጥ ቆሟል። ሄድኩና ፊቱ ቆምኩ። በአካባቢው ሽማግሌዎች ፊት እንቀመጥ አልኩት። እሱ የሲዳማ ልጅ ነው፣ እኔ ከወላይታ የመጣሁ፤ በእናንተው ወግ፣ በእናንተው ሽማግሌ ይሁን አልኩት።

"ምስክርህን አሁን ቀበርነው እኮ" አለኝ።

"እሳቸውን ነው የቀበርነው። ጣውላው ቤት ነው" አልኩ።

ዞሮ መቃብሩን አየ። "ለእሳቸው ስል" አለ በመጨረሻ፤ "ለአንተ አይደለም።" ለእኔ እንዲሆን አልጠየቅኩትም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ዋርካ ሥር ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ነገር ሲጀምሩ "አፊኒ" ይላሉ፤ ሰማችሁ ወይ እንደ ማለት ነው። ከዚያ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ የሚፈለገውም ሀላሌ ነው፣ እውነቱ። የብረት ቤቱ ባለቤት ተጠርቶ አልመጣም። የጋሽ ላሚሶ ባለቤት እትዬ አማረች ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸው ሥር ጣውላው እንዳለ ከእሳቸው በቀር የምናውቀው እኔና ዋናው ሽማግሌ ብቻ ነን። ለሽማግሌው አስቀድሜ ነግሬያቸው እሺ ብለውኝ ነበር።

ታደለ የሆነውን ተናገረ። ምንም አልጨመረም፤ እውነቱን ልናገር። "ያዝ" ማለቱን ተናገረ። እጁ ውስጥ መሆኑንም፣ ባለቤቱ ያጣድፈን እንደነበርም ተናገረ። "ግን እኔ 'ምታ' አላልኩም። እንተያያለን ብሎኝ ነበር፣ ተያየን" ብሎ እጁን ከኪሱ አወጣ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

ተራው የእኔ ሆነ። ብዙ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉንም ተውኩት። "ጠልቼው ነበር። እንተያያለን ብዬዋለሁ። አልቆረጥኩትም። ታደለ፣ እግርህን ከፊትህ አድርግ። አባ ከዘራቸውን ሲያነሱ ርገጥ። ሌላ ነገር የለኝም" አልኩ።

ታደለ ፌዝ መሰለው። ዋናው ሽማግሌ "አድርግ ልጄ፣ መሬት መርገጥ አይጎዳህም" አሉት። ከዘራቸውን አነሱ፣ ረገጠ። አነሱ፣ ረገጠ። መጀመሪያ በስንፍና ነበር። ኋላ እንደ እኔ ሆነ፤ ዓይኑ ከከዘራው ጫፍ አልነቀል አለ፣ ጉልበቱ ተወጠረ። ሽማግሌው ከዘራውን መሬት ላይ አሳርፈው ቆዩ። በዋርካው ላይ ወፍ እንኳ አልጮኸም።

ጧ!

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ይዘው ዘለሉ። የአንዱ ኮፍያ ወደቀ። ማንም አልረገጠም። የታደለ እግር ግን መሬቱን መታው፤ አቧራው ወጣ።

ከኋላ ጣውላውን ያጋጩት እትዬ አማረች መሆናቸውን ዞር ብሎ እንኳ አላየም። እግሩን ነው ያየው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ቀና አለ።

"አባ፣ ከዘራው ተነስቷል?"

"አልተነሳም።"

"ደህና አይተዋል?"

"እጄ ውስጥ ነው ልጄ። አልተነሳም።"

ታደለ እንደገና እግሩን አየው፣ ቀጥሎ እጁን አየው። በዚያ እጁ፣ በቀሩት ጣቶቹ፣ ዓይኑን ጠረገ። "እኔ ነኝ ያዝ ያልኩት" አለ። "እጄ ውስጥ እያለ ያዝ ያልኩት እኔ ነኝ። ቤቱ እንደዚያ አስለመደን።" እየው ማለት ብቻ ነበረብኝ፤ አየው። ተነስቶ መጣና ያንኑ እጁን ሰጠኝ። ጨበጥኩት።

ሽማግሌዎቹ ሀላሌው ወጥቷል አሉ። ይህ ሰው ጣት ቆራጭ አይባልም፤ ያለው ሰው ከእኛ ጋር ነው ጠቡ አሉ። ለባለቤቱም እጅ ሳይወጣ ያዝ ማለት እንዲቀር ሰው ላኩበት። እኔ ወደዚያ ቤት አልተመለስኩም። ታደለ ተመለስ ብሎኝ ነበር፤ አልፈለግኩም። ዓሣ ያለ "ያዝ" ይላጣል።

ስንበተን እትዬ አማረች ጣውላውን ሰጡኝ። እሳቸው የሚያደርጉበት የላቸውም፤ እኔም የማስነሳው ሩጫ የለኝም። ቤቴ ወስጄ በውስጥ በኩል፣ ሁለቱ ፊት ለፊት በሚጋጩበት ላይ፣ በከሰል "ያልተጫነ አይራገፍም" ብዬ ጻፍኩበት። ስጽፍ አልተንተባተብኩም።

ግንቦት ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.